ለታዳጊ አንባቢ የትኛውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንምረጥ?

«ምን ላንብብ?» ብሎ ለሚጠይቅ የ13 ዓመት ልጅ የ50 መጽሐፍ ዝርዝር ብትሰጡት አይጠቅመውም። ያየዋል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ አለቀ። የሚጠቅመው አንድ መጽሐፍ ነው። ያ አንዱ ግን ከእሱ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመው «ሳይንስ ፊክሽን አይመቸኝም» ብሎ ለዓመታት ይርቃል፤ ያልተመቸው ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እዚህ ደረጃ አልሰጥም። መጻሕፍቱን ሁለት ሁለት እያደረግኩ አወዳድራለሁ፣ የትኛው ለማን እንደሚሆንም በግልጽ እናገራለሁ። ምክሩ የእኔ ብቻ አይደለም። የአክስቶቼና የአጎቶቼ ልጆች፣ ገሚሶቹ አዲስ አበባ ገሚሶቹ ሜሪላንድ ያሉ፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው፣ በስልክ ግሩፓችን ስለነዚህ መጻሕፍት ይጨቃጨቃሉ፤ እኔም እገባበታለሁ። ልጅ ለልጅ ሲመክር የአዋቂ ምክር አይመስልም። አዋቂ «ጥሩ ትምህርት አለው» ይላል። ልጅ ደግሞ «መጀመሪያው ይደብራል፣ ግን ታገሥ፣ መሐሉ ላይ ታብዳለህ» ይላል። ለመምረጥ የሚረዳው የልጁ ነው።

ሽልማትም ቢሆን እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጥ «ኒውቤሪ» የሚባል ትልቅ ሽልማት አለ፤ ዳኞቹ አዋቂዎች ናቸው። የዚያው አገር የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ደግሞ በ2003 «ቲንስ ቶፕ ቴን» የሚል ምርጫ ጀመረ፤ በዚህኛው የሚጠቁሙትም ድምፅ የሚሰጡትም ታዳጊዎቹ ራሳቸው ናቸው። የአዋቂዎቹ ሽልማት መጽሐፉ በደንብ የተጻፈ መሆኑን ይነግራችኋል። ልጃችሁ ይጨርሰው አይጨርሰው እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመምረጣችሁ በፊት

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜ ይመስላል፤ እኔ ግን ሌላ ነገር አስቀድማለሁ። ልጁ እስከ ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ ያውቃል? አገር ቤት ብዙ ተማሪ እንግሊዝኛን የሚያውቀው ከትምህርት መጽሐፍ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ልብ ወለድ ግን ማንም አላስነበበውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ አጭር የሆነ፣ ታሪኩ ቶሎ የሚነሳ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያደገው ልጅ ቋንቋው አያስቸግረውም፤ የእሱ ችግር ሌላ ነው፣ ትዕግሥት።

ቀጥሎ ልጁ ምን ያናድደዋል፣ ምንስ ያስደስተዋል የሚለው ነው። ፍትሕ ሲጓደል የምትቆጣ ልጅ አለች። ሌሊቱን ሙሉ ጌም ሲጫወት የሚያድር አለ። «ይሄ በእውነት ሊሆን ይችላል?» እያለ የሚያፋጥጥ አለ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይሆንላቸውም።

ሦስተኛው፣ ሰው የሚረሳው ነገር፣ የቅጽ ጉዳይ ነው። የዚህ ዘርፍ መጽሐፍ አብዛኛው ሦስት ወይም አራት ቅጽ ነው። አንደኛው ቅጽ በራሱ ያልቃል ወይስ ገደል አፋፍ ላይ አድርሶ ይተዋችኋል? ሁለተኛውን የምታገኙበት ቦታ ከሌለ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ አንደኛው ሳይኖር ሦስተኛው ቅጽ ብቻ ተቀምጦ ያላየ ሰው የለም።

«ዘ ጊቨር» ወይስ «ዘ ሀንገር ጌምስ»?

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ከሁለቱ ስለሆነ እኔም ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ሁለቱም ወደፊት ስለሚመጣ፣ ልጆችን በሕግ ቀፍድዶ ስለያዘ ማኅበረሰብ ነው የሚናገሩት። ሲነበቡ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

«ዘ ጊቨር»ን ሎይስ ሎውሪ በ1993 አሳተመችው፤ በ1994 ኒውቤሪን አገኘ። ዮናስ የሚባል ልጅ አለ። የሚኖርበት ቦታ ሕመም የለም፣ ረሃብ የለም፣ ጠብ የለም። ማታ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ቀኑን የተሰማውን ስሜት በተራ ይናገራል። ልጆች 12 ዓመት ሲሞላቸው ሽማግሌዎች የሕይወት ዘመን ሥራቸውን መርጠው ይሰጧቸዋል። ሁሉም ነገር የተስተካከለ ነው። ደግሞም ማንም ምንም አይመርጥም። ዮናስ የሚደርሰው ሥራ ከሁሉም የተለየ ነው፤ ማኅበረሰቡ ሆን ብሎ የረሳውን ትዝታ ሁሉ ከአንድ ሽማግሌ መቀበል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ቀለም የሚባል ነገር እንደሌለ አንባቢው የሚገነዘብበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስትደርሱ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የመጀመሪያ ምዕራፎችን ማየታችሁ አይቀርም።

ቋንቋው ቀላል ነው። መጽሐፉም አጭር ነው፣ በብዙው እትም 200 ገጽ አይሞላም። ድክመቱ አነሳሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ቶሎ የሚሰለች ልጅ እዚያው ይተወዋል። መጨረሻው ደግሞ ክፍት ነው። ከእኛዎቹ ሁለቱ ልጁ ምን እንደሆነ እስካሁን አልተስማሙም፣ ተጣልተው ተኳርፈዋልም። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ አለ። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ልጅ ስለ አንድ መጽሐፍ መጨረሻ በራሱ ፈቃድ ሲሟገት ማየት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አስተማሪ የሆነ ሰው ያውቀዋል። መልስ የግድ የሚፈልግ ደግሞ በዚያው ዓለም የተጻፉ ሦስት ሌሎች መጻሕፍት አሉት፤ የመጨረሻው «ሰን» በ2012 ወጣ።

«ዘ ሀንገር ጌምስ» በ2008 ወጣ። ደራሲዋ ሱዛን ኮሊንስ ከዚያ በፊት ለልጆች ቴሌቪዥን ትጽፍ ነበር፤ መጽሐፉ ላይ ይታወቃል፣ ምዕራፉ ሁሉ ቀጣዩን ሳትገልጡ እንዳትተኙ ተደርጎ ነው የሚዘጋው። ሰሜን አሜሪካ ከፈራረሰ በኋላ ፓነም የምትባል አገር ቆማለች። አንድ ሀብታም ዋና ከተማና 12 ድሃ አውራጃዎች አሏት። በየዓመቱ ከየአውራጃው ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ይወጣሉ። 24ቱ አንድ ሜዳ ውስጥ ገብተው፣ አገር በቴሌቪዥን እያየ፣ አንድ እስኪቀር ይገዳደላሉ። ካትኒስ 16 ዓመቷ ነው። ዕጣው የወጣው ለ12 ዓመት እህቷ ነበር፤ እሷ ልሂድላት ትላለች። ይህ ሁሉ ሁለተኛው ምዕራፍ ሳያልቅ ነው።

የምትናገረው ራሷ ካትኒስ ነች፣ ነገሩ ሁሉ አሁን እየሆነ እንዳለ ነው የምትተርከው። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው። እንግሊዝኛው ገና ለሆነ አንባቢ ከዚህ የሚሻል መግቢያ አላውቅም። ፊልሙን ያየ ልጅ «አውቀዋለሁ» ሊል ይችላል፣ አትስሙት። ፊልሙ ረሃቡን ብዙም አያሳይም። መጽሐፉ ውስጥ ካትኒስ ለቤተሰቧ እህልና ዘይት ለማግኘት ስትል ስሟን ዕጣው ውስጥ ተጨማሪ ጊዜ ታስገባለች፤ ድሃ የሆነ ልጅ የመሞት ዕድሉ በዚያው ልክ ይጨምራል ማለት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ከግድያው ሁሉ ይልቅ የተናደዱት በዚህች ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ከልቤ ነው። ሦስተኛው ቅጽ፣ «ሞኪንግጄይ»፣ ጦርነት ነው። ከተማ በቦምብ ይፈርሳል፣ ልጆች ይሞታሉ፣ የተረፉትም በቅዠት ይኖራሉ። ከእኛ ልጆች መሐል ጦርነትን በዓይኑ ያየ፣ ዘመድ የቀበረ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ መጽሐፉ የሚያጽናናም የሚያምም ሊሆን ስለሚችል፣ ዝም ብሎ በስጦታ ከመስጠት በፊት ስለ ምን እንደሆነ ነግሮ እሱ ራሱ እንዲወስን ማድረግ ይገባል። አንደኛው ቅጽ በራሱ ስለሚያልቅ እዚያው ላይ ማቆምም ይቻላል። በ2020 እና በ2025 የወጡት ሁለቱ ደግሞ ታሪካቸው ከካትኒስ በፊት ነው፣ ቢሆንም ከእነሱ አትጀምሩ። ጣዕማቸው የሚመጣው ዋናውን ላነበበ ነው።

የእኔ ፍርድ፦ አንድ መጽሐፍ እንኳ ጨርሶ የማያውቅ ልጅ «ሀንገር ጌምስ»ን ይያዝ። አንድ ሁለት መጽሐፍ የጨረሰ፣ «ለምን?» የሚል ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ «ዘ ጊቨር»ን ይያዝ። ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ማንበብ ከፈለጋችሁ ግን ያለ ጥርጥር «ዘ ጊቨር»፤ በጥቂት ቀን ያልቃል፣ የምታወሩት ነገር ግን አያልቅም።

«ኤንደርስ ጌም» ወይስ «ሳይዝ»?

ጌም ለሚወድ ልጅ ሁሉም ሰው «ኤንደርስ ጌም»ን ይመክራል፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። ኦርሰን ስኮት ካርድ በ1977 አጭር ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው፣ በ1985 ረጅም ልብ ወለድ አደረገው፣ ከዚያም የዘርፉን ሁለት ትልልቅ ሽልማቶች፣ ኔቡላንና ሁጎን፣ ሁለቱንም ወሰደ። ኤንደር ገና በስድስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተወስዶ ጠፈር ላይ ወዳለ የጦር ትምህርት ቤት ይገባል። ከሌላ ዓለም የመጣ ጠላት አለ፣ አዛዥ የሚሆን ልጅ ይፈለጋል። ክብደት በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ቡድን ለቡድን የሚገጥሙበት ጨዋታ ዛሬም ልብ ይሰቅላል። «የጠላት በር ታች ነው» ብሎ ኤንደር አቅጣጫን እንደ አዲስ የሚያስብበት ቦታ ላይ ጌመር የሆነ ልጅ ከወንበሩ ይነሳል።

መሐል ላይ ቀዝቀዝ የሚል ክፍል አለ፣ የኤንደር ወንድምና እህት ስማቸውን ደብቀው በኮምፒዩተር መረብ ላይ ስለ ፖለቲካ እየጻፉ የሕዝብን አሳብ ሲመሩ። ልጆች ይዘሉታል። አትዝለሉት እላለሁ። ይህ የታተመው በ1985 ነው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ሳይታሰብ።

ጉድለቱን ልናገር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሴት ልጅ የለችም ማለት ይቻላል፤ የኛዋ የ15 ዓመት አንባቢ ይህን አንስታ ወንዶቹን አፍ አስይዛለች። ልጆች በልጆች ላይ የሚፈጽሙት ጭካኔም ከባድ ነው። ሌላው ስለ ቀጣዩ ቅጽ ነው። «ስፒከር ፎር ዘ ዴድ» በጣም ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ ግን ፍጹም ሌላ ነው፤ ሦስት ሺህ ዓመት አልፎ የሚጀምር፣ የሚያብሰለስል፣ የአዋቂ መጽሐፍ። የጦር ትምህርት ቤቱን ናፍቆ የሚከፍተው ልጅ ያዝናል። እሱ በ1999 የወጣውን «ኤንደርስ ሻዶው»ን ይያዝ፣ ያንኑ ታሪክ በሌላ ተማሪ ዓይን ይተርካል።

አሁን «ሳይዝ»። ኒል ሹስተርማን በ2016 አሳተመው፣ ሁለተኛው በ2018፣ ሦስተኛው በ2019 ተከተሉ። የሰው ልጅ ሞትን አሸንፏል። ረሃብም ጦርነትም ቀርቷል። ዓለምን የምታስተዳድረው ተንደርሄድ የተባለች ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነች። የሕዝቡ ቁጥር እንዳይበዛ ግን ሰው መግደል የተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፣ እነሱ ሳይዝ ይባላሉ። ማንን እንደሚገድሉ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ተንደርሄድ በዚህ ጉዳይ እጇን አታስገባም። ሲትራና ሮዋን የተባሉ ሁለት ታዳጊዎች ለዚህ ሥራ ተለማማጅ ሆነው ይመረጣሉ። የሚመረጡትም ሥራውን ስለማይፈልጉት ነው።

ይህን መጽሐፍ የምወድበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ ልጆች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰሙት ወይ ያድነናል ወይ ያጠፋናል የሚል ብቻ ነው። እዚህ ማሽኗ ደግ ነች፣ ጥበበኛም ነች፤ የሚበላሸው ለሰው የተተወው ነገር ነው። ሥልጣን ሰውን ምን ያደርገዋል፣ ሕግ የሌለው ሥልጣንስ? የ16 ዓመት ልጅ ይህን አንብቦ ዜና ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል፣ አይቻለሁ።

ተግባራዊ ምክር፦ ሁለተኛውን ቅጽ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስተኛው እጃችሁ ላይ ይኑር። የሁለተኛው መጨረሻ ከማውቃቸው ሁሉ ጨካኙ ነው። ግድያው ብዙ ነው፣ በጅምላም ይገደላል፣ ስለዚህ ከ14 ዓመት በታች ላለ አልመክርም።

ከሁለቱ? ፍጥነትና ውድድር ለሚፈልግ ወንድም ይሁን ሴት «ኤንደርስ ጌም»። መከራከር ለሚወድ «ሳይዝ»። እኔ «ሳይዝ»ን እመርጣለሁ፤ ከግሩፓችን ግማሹ በዚህ አይስማማም።

«ይሄ ሊሆን ይችላል?» ለሚል ልጅ

ሳይንስ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ መምህሩን የሚያስጨንቅ ልጅ ካላችሁ፣ የወጣቶች መደርደሪያውን ትታችሁ ቀጥታ ወደ አንዲ ዊር ሂዱ። የጻፈው ለአዋቂ ነው፣ ታዳጊዎቹ ግን ነጥቀው ወስደውታል። ሰውዬው ሶፍትዌር ሠሪ ነበር። «ዘ ማርሺያን»ን ምዕራፍ በምዕራፍ በራሱ ድረ ገጽ በነጻ ያወጣው ነበር፣ በ2011 ራሱ በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ለአንባቢ አቀረበው፣ በ2014 አሳታሚ ያዘው፣ በ2015 ፊልም ሆነ። ማርስ ላይ ጓደኞቹ ሞቷል ብለው ትተውት የሄዱት ጠፈርተኛ ድንች እየተከለ በሕይወት ለመቆየት ሲታገል ነው ታሪኩ። ስሌቱን ሁሉ እፊታችሁ ያሰላል። አንድ ስህተት አለው፣ ደራሲው ራሱ አውቆ ያደረገው፦ የማርስ አየር እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ከምድር አየር ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ስለሆነ፣ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሰው የሚጥል ማዕበል ሊነሳ አይችልም። ይህን ለልጁ አስቀድማችሁ አትንገሩት፣ ራሱ ይድረስበት።

ችግሩ ስድቡ ነው። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። ለተማሪዎች ተብሎ ስድቡ የጸዳለት የክፍል እትም በ2016 ወጥቷል፤ ወላጅ ከሆናችሁ ያንን ፈልጉ።

«ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» በ2021 የወጣው ነው፤ እኔ ይህኛውን አስቀድማለሁ። ሰውየው ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፣ ስሙንም አያስታውስም፣ አጠገቡ ሁለት አስከሬን አለ። የት እንዳለ ለማወቅ የሚያደርገውን ስሙ፦ ዕቃ ይጥላል፣ የሚወድቅበትን ጊዜ ይለካል፣ ስበቱን ያሰላል። 15 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይመጣለታል። የኛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ 9.8 የሚለውን ቁጥር በቃሉ ያውቃል፣ ስለዚህ ሰውየው ምድር ላይ እንዳልሆነ ከእሱ እኩል ይደርስበታል። ፈተና ለማለፍ ብቻ ያጠናው ቁጥር አንድ ሰው የት እንዳለ ሲነግረው የሚሰማውን ደስታ ሌላ መጽሐፍ አይሰጠውም። ስድብም የለበትም ማለት ይቻላል፣ ባለ ታሪኩ የሳይንስ አስተማሪ ነው፣ አፉን ይጠብቃል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ የኋላ ሽፋኑን ማስታወቂያ አታንብቡ፣ የፊልሙንም ቅንጭብ አትዩ። መሐሉ ላይ የሚመጣውን ነገር ሳያውቁ ማንበብ ይሻላል።

ከአፍሪካ የሚነሱ

«ቢንቲ»ን የጻፈችው ኔዲ ኦኮራፎር ነች፣ አሜሪካ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደች። በ2015 ወጣ፣ በአጭር ልብ ወለድ ዘርፍ ሁጎንም ኔቡላንም አገኘ። ቢንቲ የናሚቢያ ሂምባ ሕዝብ ልጅ ነች፣ 16 ዓመቷ ነው፣ በሒሳብ ልዩ ተሰጥኦ አላት። ሌላ ፕላኔት ላይ ካለ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ታገኛለች፣ ከሕዝቧ የመጀመሪያዋ ነች። ቤተሰቦቿ አይፈቅዱም። ሌሊት ተነስታ ትሄዳለች። ቆዳዋና ፀጉሯ ላይ የምትቀባውን ቀይ ሸክላ ይዛ፣ ሰው እየተጠየፋት።

ከቤት ርቆ ሊማር የሄደ ወይም ለመሄድ የሚያልም የኛ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሜሪላንድ ያለችው ዘመዳችን የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንብባ ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላት፣ እናትየው ከ20 ዓመት በፊት አገር ጥላ የወጣችበትን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ አወራቻት። ሌላ ምን ልጨምር።

ጉድለት አለው። 100 ገጽ ገደማ ብቻ ስለሆነ ትልቁ ጠብ በቶሎ ይፈታል፣ «እንዲህ በቀላሉ?» የሚያሰኝ ነው። አዳዲስ ስሞችና ቃላት ይበዙበታል። ሁለት ተከታይ ቅጾች አሉት፣ ሦስቱ በአንድ ጥራዝ ታትመውም ይገኛሉ፤ ያ ይሻላል።

ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ ከሆነ ግን የናንሲ ፋርመር «ዚ ኢር፣ ዚ አይ ኤንድ ዚ አርም» ይቀላል። 1994 የወጣ ነው፣ ታሪኩ ዚምባቡዌ ውስጥ በ2194 ይፈጸማል። የጄኔራል ልጆች የሆኑ ሦስት ወንድምና እህት ከተጠበቀ ግቢያቸው ወጥተው ይጠፋሉ፣ በኑክሌር ብክለት ምክንያት ልዩ ችሎታ ይዘው የተወለዱ ሦስት መርማሪዎች ይፈልጓቸዋል። ደራሲዋ አሜሪካዊት ነች፣ ዚምባቡዌ ለዓመታት ኖራለች። አስቂኝ ነው፣ ሩጫ አለበት። የ16 ዓመት ልጅ ግን የልጅ ነው ብሎ ይመልስላችኋል።

በአጭሩ

«አግሊስ»፣ ስኮት ዌስተርፌልድ፣ 2005። ሁሉም ሰው 16 ሲሞላው በቀዶ ሕክምና ቆንጆ ይደረጋል። ፎቶዋን በፊልተር ሳታስተካክል ለማትለጥፍ ልጅ ስጧት፣ ስብከት አትጨምሩበት። «ሲንደር»፣ ማሪሳ ማየር፣ 2012፣ ፍቅር ለሚፈልጉ፤ ከፊል አካሏ ማሽን የሆነች መካኒክ፣ ልዑል፣ የጨረቃ ንግሥት። አራት ቅጽ ነው፣ ቀላል ንባብ ነው፣ ደስ ይላል። «ዳይቨርጀንት»፣ 2011፣ የመጀመሪያው አሪፍ ነው፣ በሦስተኛው ግን ግሩፓችን በሙሉ ተናዷል። «ዘ ሜዝ ረነር»፣ 2009፣ ለሩጫው አንብቡት፣ መልስ አትጠብቁ። «ኢሉሚኔ»፣ 2015፣ ሙሉው በሰነድ፣ በቻት፣ በምርመራ ቃል የተሠራ ነው፤ በስልክ አይነበብም፣ ገጹ ይበታተናል፣ ወረቀቱን ካገኛችሁ ብቻ።

ገንዘብ ለሌለው አንባቢ

የመብት ዘመናቸው ያለፈ አሮጌ መጻሕፍት ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ። ነጻ ስለሆነ ብቻ ግን ልጅን በእነሱ አታስጀምሩ፣ እንግሊዝኛው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ለጎበዝ አንባቢ የምመርጠው የኤች ጂ ዌልስ «ዘ ታይም ማሽን»ን ነው፣ 1895፣ አጭር ነው፣ አስፈሪ ነው። «ፍራንከንስታይን»ም እዚያው አለ። ሜሪ ሼሊ ስትጀምረው 18 ዓመቷ ነበር፣ በ1818 ታተመ። መጻፍ ለሚወድ ልጅ ይህን ንገሩት። ሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451»ን (1953) የጀመረው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ ለግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲም እየከፈለ በተከራየው የጽሕፈት መኪና ነበር። መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት አገር የሚናገር መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት ሥር መጻፉ ደስ ይለኛል። ይህኛው ነጻ አይደለም፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ግን ፈልጉት።

አሜሪካ ያላችሁ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡና «ሊቢ» የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ከላይ የጠቀስኳቸውን አብዛኞቹን በነጻ ትዋሳላችሁ፣ በድምፅም ጭምር። ወረፋ ካለ ተመዝግባችሁ ጠብቁ። እስራኤል ወይም ጀርመን ያላችሁ ልጆቻችሁ ዕብራይስጡ ወይም ጀርመንኛው የሚቀላቸው ከሆነ «ሀንገር ጌምስ» በሁለቱም ተተርጉሟል፤ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ብላችሁ አታስጨንቋቸው።

ለወላጆች

ብዙ ወላጅ የሚጠይቀኝ «ሃይማኖቱን ወይም ሥነ ምግባሩን ያበላሽብኛል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በንቀት አልመልሰውም። እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ከባድ ነገር አብዛኛው ሞትና ግፍ ነው። ልጁ ያንን በስልኩ ከዚህ በከፋ ሁኔታ ያየዋል፣ መጽሐፉ ግን ቆም ብሎ እንዲያስብበት ያደርገዋል። የምትፈሩት ካለ ከመከልከል በፊት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ራሳችሁ አንብቡ፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጁ እየተረጎመ ያንብብላችሁ። 50 ገጽ ድረስ ሄዶ ካልተመቸው ይተወው፣ ጨርስ ብላችሁ አታስገድዱት፣ ሌላ ስጡት። «ሳይዝ»ን ግን ለ12 ዓመት ልጅ አሁን አትግዙለት። ሁለት ዓመት ይቆየው፣ እስከዚያ «ዘ ጊቨር» ይበቃዋል።